ዶክተሩ «አልጋ ላይ ዋይ» ካለሽ፦ ባህር ዳር ላይ ዘጠኝ ሳምንት ከተኛች እናት

28ኛው ሳምንት ላይ ነው ደም ያየሁት። ጠዋት ነበር፣ ትልቋን ልጄን ለኬጂ እያለበስኳት፣ ህመም የለው ቁርጠት የለው ዝም ብሎ ደም። በባጃጅ በረን ሆስፒታል ደረስን፣ አልትራሳውንድ ታየሁ፣ እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ የማህፀን በር ላይ ተቀምጧል ተባልኩ። ሶስት ቀን አስተኝተውኝ ደሙ ሲቆም «በቃ ቤትሽ ሂጂ፣ እረፍት አድርጊ፣ አልጋ ላይ ዋይ» ብለው ላኩኝ። ሌላ ምንም። ቤት ገብቼ ጋደም ካልኩ በኋላ ነው ጥያቄው ሁሉ የመጣው፣ ሽንት ቤት መሄድ እችላለሁ? (የኛ ሽንት ቤት ግቢው ጫፍ ነው፣ ለአምስት ተከራይ አንድ) ቁጭ ብዬ ልብላ ወይስ ተኝቼ? ልጄን ልቀፋት? አማቴ «እግርሽ መሬት እንዳይነካ» ትላለች፣ ጎረቤቴ ደግሞ «ኧረ ተንቀሳቀሽ ልጁ ይከብድብሻል» ትላለች፣ እኔ መሀል ላይ ሁለቱንም እየሰማሁ አንዴ ስነሳ አንዴ ስተኛ የመጀመሪያውን ሳምንት በለቅሶ ጨረስኩት።

አሁን ልጁ ሁለት አመት ሊሞላው ነው፣ ከኔ በኋላ ሁለት ጓደኞቼ ተኙ፣ ሁለቱም ደውለው የጠየቁኝ ያንኑ የኔን ጥያቄ ነው። ስለዚህ አንዴ ልፃፈውና ይገላግለኝ አልኩ።

መጀመሪያ ልኩን አስነግሪ

«እረፍት» ልክ የሌለው ቃል ነው። ለአንዷ ጀሪካን አታንሺ ማለት ነው፣ ለአንዷ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ጋደም በይ ማለት ነው፣ ለሌላዋ ሆስፒታል ገብተሽ ተኚ ማለት ነው። ከዶክተሩ ክፍል ሳትወጪ፣ ወይ እንደኔ ደንግጠሽ ከወጣሽ ተመልሰሽ፣ አንድ በአንድ ጠይቂ። መጀመሪያ ለምን እንደሆነ፦ እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ ነው? የደም ግፊት ነው? የማህፀን በር አጥሮ ነው? የሽርት ውሃ ፈሶ ነው? መንታ ስለሆነ ነው? ምክንያቱ ከታወቀ ሌላው ይከተላል። ከዛ በቀን ስንት ሰዓት ነው የምተኛው፣ ቁጭ ማለት ይቻላል ወይ፣ ሽንት ቤትና ሻወር በእግሬ ልሂድ ወይ፣ ደረጃ፣ ምግብ ማብሰል፣ ልጅ ማንሳት፣ ለቀጠሮ በባጃጅ መምጣት፣ እና እስከ መቼ። ግንኙነትም ጠይቂ፣ ማፈር የለም። እንደኔ እንግዴ ልጅ ዝቅ ብሎ ከደማሽ ክልክል ነው፣ በጣት የሚደረግ የማህፀን ምርመራም ክልክል ነው፣ ስለዚህ ሌላ ጤና ተቋም ብትሄጂ ገና አልጋው ላይ ሳትወጪ «እንግዴ ልጄ ዝቅ ያለ ነው» ብለሽ ተናገሪ።

ሁለተኛ ቀጠሮዬ ላይ ያየችኝ ዶክተር ናት ይሄን ያስረዳችኝ። «ማነው ቀኑን ሙሉ ተኚ ያለሽ?» አለችኝ፣ እኔማ ስቄም አልቅሼም። ድሮ ለሁሉም ይታዘዝ ነበር አሁን ግን ጭራሽ ሳይነሱ መተኛት ያለጊዜው መውለድን እንደሚያስቀር ማስረጃ አልተገኘለትም፣ የአሜሪካ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅም እንደ ልማድ እንዳይታዘዝ ነው የሚመክረው አለችኝ። ጉዳት ደግሞ አለው፣ እርግዝና በራሱ ደምን ቶሎ የሚያረጋ ነገር ነው፣ ሳትንቀሳቀሺ ስትቀሪ ደም እግር ውስጥ ሊረጋ ይችላል፣ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሰው ይጨነቃል። ለኔ የፈቀደችልኝ፦ ሽንት ቤትና ሻወር በእግሬ፣ ቁጭ ብሎ መብላት፣ ግቢ ውስጥ ቀስ ብሎ መሄድ ጠዋትና ማታ አስር አስር ደቂቃ። የከለከለችኝ፦ እቃና ልጅ ማንሳት፣ ቆሞ መዋል፣ ጎንበስ ብሎ ማጠብ፣ ግንኙነት፣ ከከተማ መውጣት። ይሄ የኔ ነው እሽ? ያንቺ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ የኔን ይዘሽ እንዳትነሺ፣ የኔን ይዘሽም እንዳትተኚ።

ቤት ስገባ ባሌ ከልጄ ደብተር ወረቀት ቀደደና ለሁለት ከፍሎ «ይቻላል» እና «አይቻልም» ብሎ ፃፈና በሩ ላይ በፕላስተር ለጠፈው። እንደቀልድ ነበር፣ ግን ያ ወረቀት ስንት ጭቅጭቅ አስቀረ መሰለሽ። አማቴ ማንበብ አትችልም ግን ልጄ ታነብላት ነበር (ልጄም አታነብም፣ በቃሏ ይዛው ነው) «እማዬ ሻወር ይቻላል፣ እኔን ማዘል አይቻልም» እያለች። የዶክተር ቃል መሆኑን ሲያውቁ ሰዎችም አይከራከሩም።

ክፍሉ

ቀኑን አብዛኛውን የምታሳልፊው እዚያ ስለሆነ ግማሽ ቀን ወስዳችሁ አስተካክሉት። የኛ ቤት አንድ ክፍል ከነምናምኗ ናት፣ አልጋው ጥግ ላይ ነበር፣ ወደ መስኮቱ አዞርነው። እኔ የተኛሁት ከመጋቢት ጀምሮ ነው፣ የባህር ዳርን የመጋቢትና ሚያዝያ ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቆርቆሮው ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ምጣድ ነው። ከጣና በኩል ንፋስ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው፣ መስኮትሽ ወደዚያ ከሆነ እድለኛ ነሽ። ቬንትሌተር ካለሽ ጥሩ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ነጠላ በውሃ ነክሮ ጨምቆ እግርና አንገት ላይ ማድረግ፣ እኔ በቀን ሶስት አራት ጊዜ ነው የማደርገው የነበረው። ስፖንጅ ፍራሽሽ መሀሉ ከሰመጠ ገልብጡት፣ ካልሆነም የታጠፈ ብርድልብስ ከስሩ አድርጉ፣ የሰመጠ ፍራሽ ወገብሽን በሁለት ሳምንት ይገድለዋል።

አጎበር እንዳትረሺ። እዚህ ሀይቁ ዳር ወባ ቀልድ አይደለም፣ በእርግዝና ላይ ደግሞ እናትንም ልጅንም ይጎዳል፣ ቀን ስትተኚም ካለ አውርደሽው ተኚ። ትኩሳት ከተሰማሽ «ሙቀቱ ነው» ብለሽ እንዳታልፊው፣ ሄደሽ ተመርመሪ፣ ቤት ውስጥ የተረፈ የወባ ኪኒን ካለ አትዋጪ።

ከአልጋው አጠገብ ዘንቢል አስቀምጪ። የኔ ዘንቢል ውስጥ የነበረው፦ የውሃ ጠርሙስ፣ ሶፍት፣ ፓድ፣ ቻርጀር ከረጅም ገመድ ጋር፣ የክትትል ካርዴ፣ አይረን ኪኒን፣ ቆሎ በቆርቆሮ፣ ቫዝሊን፣ እስክርቢቶና ደብተር። ይሄ ሁሉ በእጅሽ ካልደረሰ በሰዓት አስር ጊዜ ትነሻለሽ ወይ አስር ጊዜ ሰው ትጠሪያለሽ፣ ሁለቱም ያስጠላል። ሽንት ቤታችሁ ሩቅ ከሆነ ለሌሊት ፖፖ ግዢ፣ በጨለማ በጭቃ ግቢ ተንሸራቶ ከመውደቅ ፖፖ ይሻላል፣ እኔ መጀመሪያ ቀፎኝ ነበር በኋላ ለመድኩት። ሻወር ላይ በርጩማ ወይ የፕላስቲክ ወንበር አስገቢ፣ ቁጭ ብለሽ በጆግ ታጠቢ፣ ውሃውን ሌላ ሰው ይቅዳልሽ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፣ ሊጠይቅሽ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቡና ይፈላልሽ ይላል፣ ክፍሉ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ከሰሉን ከነጭሱ አልጋሽ ስር አምጥተው ቁጭ። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል፣ ለፅንስ ደግሞ ይብሳል። ደጅ ይፈላና ቡናው ይግባልሽ። ዕጣኑንም ደጅ።

አተኛኘትና እግር

በጎንሽ ተኚ። 20 ሳምንት ካለፈ በኋላ በጀርባ ስትተኚ ማህፀኑ ትልቁን የደም ስር ይጫነዋል፣ ማዞርና ላብ ላብ ማለት ከመጣብሽ ምክንያቱ እሱ ነው፣ ወደ ጎን ዘወር ስትይ ይለቅሻል። ሰው ሁሉ ግራ ግራ ይላል፣ ግራ ጥሩ ነው ግን ሲደክምሽ ወደ ቀኝ ብትገለበጪ ምንም አትሆኚም፣ እኔ ሌሊት ቀኝ ሆኜ ስነቃ ልጄን የገደልኩት እየመሰለኝ ስንት ቀን ደንግጫለሁ። አንድ ትራስ በጉልበቶችሽ መሀል፣ አንድ ከሆድሽ ስር፣ አንድ ከጀርባሽ። ትራስ ከሌለ ጋቢ ጠቅልለሽ። ስትነሺ ደግሞ እንደ ድሮው ብድግ አትበይ፣ መጀመሪያ በጎንሽ ሁኚ፣ እግርሽን ከአልጋው አውርጂ፣ በእጅሽ ተደግፈሽ ቀና በይ፣ ትንሽ ቁጭ በይና ከዛ ቁሚ።

እግርሽን በየሰዓቱ አንቀሳቅሺ። ጣቶችሽን ወደ አንቺ ሳቢ ወደታች ግፊ፣ ቁርጭምጭሚትሽን አዙሪ፣ ሃያ ሰላሳ ጊዜ፣ ይሄ ለአብዛኛዋ ይፈቀዳል ግን ቼክ አድርጊ። እኔ ማስታወሻ ያደረግኩት የቅዱስ ጊዮርጊስን ደወል ነበር፣ ሲደወል እግር፣ በየሰዓቱ ስለማይደወል ደግሞ ባሌ ስልኬ ላይ አላርም ሞላልኝ። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባትሽ ከቀላና ከሞቀ ከታመመሽ፣ ወይ ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ማሸት የለም! አማቴ ቅቤ ይዛ ልታሸኝ ተነስታ ነበር እኔ እምቢ አልኩ፣ የረጋ ደም ከሆነ በማሸት ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ቀጥታ ሆስፒታል።

ምግብ ላይ አላበዛም

ውሃ ጠጪ፣ በቀን ከስምንት ብርጭቆ አያንስ፣ ውሃ ሲያንስሽ ሆድሽ ቶሎ ቶሎ ይጠጥራል። ስትተኚ ሆድ ይደርቃል፣ አይረኑ ደግሞ ይጨምርበታል፣ ማማጥ ደግሞ ላንቺ አይሆንም፣ ስለዚህ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ጎመን፣ ምስር፣ አጃ፣ በሶ። ማንጎ እንኳን እዚህ ሞልቷል፣ መጋቢት ሚያዝያ ላይ ከሆንሽ ቅዳሜ ገበያ በኪሎ አስመጪ። አይረንሽን በብርቱካን ወይ በሎሚ ውሃ ዋጪው፣ ከቡናና ከሻይ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አርቂው። ቡናው ራሱ የዘጌ ቢሆን እንኳ በቀን ከአንድ ሁለት ስኒ አይለፍ። አሳ ጥሩ ነው፣ ቆሮሶ ተጠብሶ ቢመጣልሽ ብዪ፣ ግን በደንብ የበሰለ፣ ጥሬ ስጋና ያልፈላ ወተት ደግሞ እስክትወልጂ ይቅር። ጤና አዳም በቡናም በሌላም ቢሆን ለእርጉዝ ጥሩ አይደለም፣ ኮሶማ ጭራሽ። የሀገር መድሃኒት ይዞልሽ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለሽ ተቀበይና አስቀምጪው። ፆም ከሆነ የንስሐ አባትሽን አናግሪ፣ የኔ «ልጄ ብዪ፣ ፆምሽ መተኛትሽ ነው» ነው ያሉኝ።

ሰው ሰው ሰው

ከባዱ መተኛቱ አይደለም፣ ሰው ነው። በፍቅር ነው የሚመጡት እኮ፣ ግን አንድ ቀን ከጠዋቱ ሶስት ሰዓት እስከ ማታ አስራ አንድ ተሰላፊ ሆኑብኝ፣ እያንዳንዷ ስትመጣ ቀና ማለት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ መተረክ፣ «ውይ የኔም የእህቴ ልጅ እንዲህ ሆና...» የሚለውን መስማት። የእህቷ ልጅ ደግሞ ሁሌም ክፉ ነገር ነው የሚደርስባት። የዛን ቀን ማታ ሆዴ ሲጠጥር አደረ። በነጋታው እናቴ ከአዴት መጣችና እሷ ናት ስርዓት ያስያዘችው። በር ላይ በርጩማዋን አውጥታ ቁጭ አለች፣ ጥጥ እየፈተለች፣ ሰው ሲመጣ «ግቡ ግቡ፣ ተኝታለች ግን፣ እስኪ እዚህ ቡና እንጠጣ» ትላለች። ማንም ሳይቀየም ግማሹ እዚያው ጠጥቶ «በሽልም ታውጣት» ብሎ መርቆ ይሄዳል። አንቺም በር ላይ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልግሻል፣ እናት ባትሆን እህት፣ እህት ባትሆን ደፋር ጎረቤት። የጉብኝት ሰዓት ወስኑ፣ እኛ ከአስር እስከ አስራ አንድ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነበር።

«ምን ልርዳሽ» የሚል ሰው ሲመጣ «ምንም አልፈልግም» ማለት ይቅር። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ደህና ነኝ» ስል ከረምኩ፣ ቤቱ ደግሞ እየፈረሰ ነበር። በኋላ ደብተሬ ላይ ፃፍኩ፦ ሰኞ ልብስ አጠባ፣ ማክሰኞ እንጀራ፣ ረቡዕ ልጄን ከኬጂ ማምጣት እያልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ደብተሩን አነብለታለሁ። መጀመሪያ ፊቴ ይቀላ ነበር፣ ግን ሰው የሚሰራው ነገር ሲነገረው ደስ ነው የሚለው፣ እንጀራ ገዝቶ ማምጣት እኮ ለሰው ቀላል ነገር ነው። አንዷ ጎረቤቴ እስክወልድ በየአስር ቀኑ ሽሮና በርበሬ እየለካች ታመጣልኝ ነበር፣ ስሟን ብጠራው ትቆጣኛለች።

ባሎችን በተመለከተ፣ የኔው ሽሮ መስራት የተማረው ያኔ ነው፣ መጀመሪያ ቀን የሰራው ሽሮ ግድግዳ ይለስን ነበር። ግን ዝም ብለሽ ብዪ። ከአልጋ ላይ ሆነሽ «ሽንኩርቱ አረረ፣ ዘይቱ በዛ» እያልሽ የምታዢ ከሆነ ሰውየው በሶስት ቀን ይሰለቻል፣ አንቺም አላረፍሽም። እሱም ይፈራል ደግሞ፣ ማታ ማታ እንቅልፍ እንደሌለው ያወቅኩት በኋላ ነው። ቀጠሮ ላይ ይዘሽው ግቢ፣ ከዶክተሩ አፍ ይስማው።

ትንሽ ልጅ ካለሽ

ልጅ «እናቴ ለምን አታቅፈኝም» ብሎ ይከፋዋል፣ ያንን ማየት ከደሙ በላይ ያማል። የረዳን ነገር፣ እሷ ወደኔ እንድትመጣ ማድረግ ነው። በርጩማ አልጋው ጎን አደረግን፣ ራሷ ወጥታ ከጀርባዬ በኩል ትጋደማለች፣ በሆዴ በኩል እንዳትመጣ «እዚህ የህፃኑ መኝታ ነው» አልናት። ስራም ሰጠናት፣ ውሃዬን መሙላት የሷ ነበር፣ ግማሹ መሬት ይፈሳል ይሁን። ማታ ተረት። ጦጣና ቀበሮ ያለቀብኝ ጊዜ የራሴን መፍጠር ጀመርኩ፣ ጣና ላይ በታንኳ የምትሄድ አንዲት ዶሮ ነበረች፣ ልጄ እስካሁን ትጠይቀኛለች።

ቀኑን መግደል

ቲክቶክ ለሁለት ቀን ያስደስታል፣ ከዛ ዓይን ያማል። ኢንተርኔት ላይ በሽታሽን መፈለግ ደግሞ ክልክል ነው ብዬሻለሁ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ያነበብሽው ነገር ሁሉ አንቺ ላይ ያለ ይመስልሻል። ጥያቄ ሲመጣብሽ ደብተር ላይ ፃፊውና ለቀጠሮ ያዢው።

ለኔ የሰራው የእጅ ስራ ነው። ዳንቴል ከትምህርት ቤት ጀምሮ ትቼው ነበር፣ እናቴ ኪሮሽና ክር አመጣችልኝ፣ ዘጠኝ ሳምንት ውስጥ የቴሌቪዥን፣ የሬዲዮ፣ የፍሪጅ (ፍሪጅ የለንም፣ ለሚመጣው) ልብስ ሰራሁ። ሌላው ደግሞ ሰፌድ። ሰፌዱን ከጎኔ አድርጌ ምስር እለቅማለሁ፣ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ጎመን እቀነጥሳለሁ፣ በጎን ተጋድሞ ምስር መልቀም ይቻላል ብሎ ማን ያምናል ግን ይቻላል፣ በቀኝ እጅ እየበተንሽ ጠጠሩን በጣት ጫፍ ወደ ሰፌዱ ጠርዝ። ያን ቀን ወጡ ሲቀርብ «ምስሩን እኔ ነኝ የለቀምኩት» ማለት ለሰው ምንም ነው፣ ተኝቶ ለሚበላ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

ማልቀስ ይኖራል። «ሌላው ሴት እኮ እርሻ ላይ ሆና ትወልዳለች» የሚል ሀሳብ ይመጣል፣ «ምን ሰርቼ ነው» ይመጣል። እንግዴ ልጅ ዝቅ ያለው እቃ ስላነሳሽ ወይ ስለተቆጣሽ አይደለም፣ ገና ሲጀመር የተቀመጠበት ቦታ ነው። ግን ሀዘኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ ካልለቀቀሽ፣ መብላት መተኛት ካቃተሽ፣ ምንም ነገር ካላስደሰተሽ፣ ወይ ሞትን ማሰብ ከጀመርሽ ለዶክተርሽ ተናገሪ፣ ይሄም እንደ ግፊቱ እንደ ደሙ የሚታከም ነገር ነው።

ስራ ያለሽ

የግል ድርጅት ሰራተኛ ከሆንሽ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 88ን አንብቢ። ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር አለሽ፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው እዚያው አንቀጽ ላይ ነፍሰ ጡር ሰራተኛ ሐኪም እንድታርፍ ካዘዘ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣታል የሚለውን ነው። እኔ የሂሳብ ሰራተኛ ነበርኩ፣ አለቃዬ «የወሊድ ፈቃድሽን አሁን ጨርሺው» አለኝ፣ ባሌ አዋጁን ፕሪንት አድርጎ ከሐኪም ወረቀቱ ጋር ወሰደለት፣ አጉረመረመ ግን ፈረመ። ስለዚህ ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ «እረፍት» ብቻ ሳይሆን ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ይፃፍልሽ፣ ማህተም ይኑረው፣ ኮፒ አስቀሪ። የመንግስት ሰራተኛ የራሱ አዋጅ ስላለው የሰው ሀብት ክፍላችሁን ጠይቂ።

መቼ ነው የምትሮጪው

ይሄን ክፍል ባልሽም እናትሽም ያንብቡት። ደም፣ ትንሽም ቢሆን። ውሃ ሲፈስ። ከ37 ሳምንት በፊት በልክ በልክ እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት ወይ ወገብ ህመም። የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ ከጎድን አጥንት ስር ህመም፣ ፊትና እጅ ድንገት ማበጥ፣ እነዚህ የግፊት ምልክት ናቸው፣ ግፊት 140/90ና ከዛ በላይ ከሆነ ቤት የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ትኩሳት። እና የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፦ ከምግብ በኋላ በጎንሽ ተኝተሽ ቁጠሪ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ አስር እንቅስቃሴ ካልሞላ ወይ ከልማዱ ቀነሰ ካልሽ «ነገ አያለሁ» የለም።

ቶሎ መድረስ የሚጠቅመው አንቺን ብቻ አይደለም፣ ልጁ ከ34 ሳምንት በፊት ሊመጣ ከሆነ ሳንባውን የሚያጠነክር መርፌ አለ፣ እሱ ደግሞ ለመስራት ሰዓታት ይፈልጋል።

እንዴት እንደምትሄጂ ዛሬ ወስኚ። ፈለገ ሕይወት መሀል ከተማ ነው፣ ጥበበ ግዮን ከከተማው ወጣ ብሎ በአዴት መንገድ ነው፣ የቱ ነው ክትትልሽ፣ ከቤትሽ ሌሊት ስንት ደቂቃ ነው? ማታ ባጃጅ እንደልብ አይገኝም፣ እኛ የሰፈራችንን አንድ ባጃጅ ነጂ አናግረን ስልኩን ግድግዳ ላይ ፅፈን ነበር፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907ንም ከስሩ። ቤታችሁ ገጠር ከሆነ፣ ከሀይቁ ወዲያ ማዶ ወይ ደሴት ላይ ከሆነ፣ ጀልባ የሚጠበቅበት ቦታ ሆነሽ በደም አትቆዪ፣ ከተማ ዘመድ ቤት ግቢ፣ ዘመድ ከሌለ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ክፍል አላቸው፣ ጠይቂ።

የደም አይነትሽን እወቂ፣ ካርድሽ ላይ ይፃፍ። ኔጌቲቭ ከሆንሽ ደም ባየሽ ቁጥር የሚሰጥ መርፌ አለ፣ አስታውሺያቸው። ደም መስጠት የሚችሉ ሁለት ሶስት ሰዎች ቀድመሽ ንገሪ። ቦርሳሽ በር ስር ይቀመጥ፦ ካርድ፣ መታወቂያ፣ ብር፣ ፓድ፣ ነጠላ፣ ጋቢ፣ የህፃን ልብስ፣ ቻርጀር። እኛ ቦርሳው ሁለት ጊዜ ተነስቷል፣ አንዴ 33ኛው ሳምንት ላይ ትንሽ ደም አይቼ ሌሊት ሄደን ሁለት ቀን ተኝቼ ተመለስኩ፣ ሁለተኛው 37 ላይ በቀጠሮ ለኦፕራሲዮን። የብዙ ሰው እንግዴ ልጅ ማህፀኑ ሲያድግ ወደ ላይ ይሸሻል፣ 32ኛው ሳምንት አካባቢ እንደገና በአልትራሳውንድ ይታያል፣ የኔ ግን አልሸሸም።

ስትነሺ

ይሄን ማንም አልነገረኝም። ተፈቅዶልሽ ወይ ወልደሽ ስትነሺ እግርሽ የድሮው እግር አይደለም። እኔ ከወለድኩ ከሶስት ሳምንት በኋላ ልብሴን ለብሼ ሱቅ ልሂድ ብዬ ወጣሁ፣ ከግቢያችን በር እስከ ሱቁ መቶ እርምጃ አይሞላም፣ ሁለት ቦታ አጥር ተደግፌ ቆምኩ፣ ባለሱቁ ወንበር አውጥቶ አስቀመጠኝና ውሃ ሰጠኝ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከቤት እስከ በር፣ በሚቀጥለው ከበር እስከ ጎረቤት፣ ሰው አብሮሽ ይሁን፣ ልጁን ይዘሽ አትውጪ እጅሽ ባዶ ይሁን። ሀይቁ ዳር ለመድረስ እኔ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፣ እሱም ግማሹን በባጃጅ።